ክርስቲያን ለመንግሥት እስከ ምን ድረስ ይገዛል? ስለ ክርስቲያናዊ አናርኪዝም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬዳዋ ሳብያን ውስጥ ሐሙስ ሐሙስ በምናደርገው የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ላይ በየጊዜው የሚነሡት ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው እነሆ።

ክርስቲያናዊ አናርኪዝም ምንድን ነው?

ክርስቲያን ያለው ንጉሥም ፈራጅም አንድ እግዚአብሔር ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሰው ሰውን በሰይፍና በወህኒ እያስፈራራ የሚገዛበት ሥርዓት ከወንጌል ጋር አይገጥምም የሚል እምነት ነው። መነሻው የተራራው ስብከት ነው። ጌታ «ክፉውን አትቃወሙ»፣ «ከቶ አትማሉ»፣ ጠላቶቻችሁን ውደዱ ብሏል (ማቴዎስ 5)። መንግሥት ግን ደግም ይሁን ክፉ፣ ትእዛዙ አልፈጸም ሲል በመጨረሻ የሚያወጣው ጠመንጃ ነው። ክርስቲያን አናርኪስቶች ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጡና አንድ ሰው ሁለቱንም በአንድ እጅ እንዴት ይይዛል ብለው ይጠይቃሉ።

መንግሥትን በጦር እንጣል አይሉም። በጦር የሚጥል ሰው ሌላ መንግሥት ተክሎ ነው የሚያርፈው ይላሉ። የእነርሱ መንገድ ለክፉ ሥራ እጅ አለመስጠት፣ የሚመጣውን ቅጣት መቀበል፣ እስከዚያው ድረስ ደግሞ የተራበውን ማብላትና እንግዳውን ማሳደር ነው።

«አናርኪስት» የደርግ ዘመን ስድብ አይደለም እንዴ?

ነበር። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ ደርግ የኢሕአፓን ልጆች የሚጠራው «አናርኪስት» እያለ ነበር። ያ ስም የተለጠፈበት ወጣት ምን እንደሚደርስበት ያን ዘመን ያየ ሁሉ ያውቃል። ከጥናታችን እናቶች አንዷ ቃሉን መጀመሪያ ሲሰሙ ፊታቸው ተለዋወጠ፤ «እባካችሁ ይህን ስም እቤቴ ውስጥ አታንሡብኝ» አሉን። ስለዚህ እሳቸው ቤት ስንሰበሰብ ቃሉን አንጠቀምበትም። ጉዳዩን ግን እንነጋገርበታለን።

በአማርኛ «ሥርዓት አልበኝነት» ብለን ስለምንተረጉመውም ሰው ዘረፋና ሁከት ይመስለዋል። የግሪኩ ቃል ጥሬ ትርጉሙ «አለቃ የሌለው» ነው። ክርስቲያን አናርኪስቶች የሚሉት ሥርዓት አያስፈልግም ሳይሆን፣ ሥርዓት በፍቅርና በፈቃድ ይቁም፣ በዱላ አይቁም ነው። ይቻላል ወይ የሚለው ከታች ይመጣል።

እንዲህ ብለው ያስተማሩት እነማን ናቸው?

ስሙ ሳይኖር ሐሳቡ ቆይቷል። በ15ኛው መቶ ዘመን ቦሔሚያ ውስጥ የነበረው ፔትር ኬልቺትስኪ፣ ቤተ ክርስቲያን ከቆስጠንጢኖስ ጋር በተወዳጀች ጊዜ መርዝ ገባባት ብሎ አስተምሯል። በ1525 እ.ኤ.አ. ዙሪክ ላይ የተነሡት አናባፕቲስቶች ከሁለት ዓመት በኋላ ባወጡት የሽላይትሃይም መግለጫ ክርስቲያን ሰይፍ አይያዝ፣ የሹመት ወንበርም አይቀመጥ አሉ። ሩሲያዊው ሌቭ ቶልስቶይ (1828–1910 እ.ኤ.አ.) በወጣትነቱ በክራይሚያ ጦርነት የተዋጋ መኮንን ነበር፤ በኋላ ግን ጦርንም መንግሥትንም ከወንጌል ጋር አይሄዱም ብሎ ተወ። ጋንዲ ከእርሱ ጋር ይጻጻፍ ነበር። የሩሲያ ቤተ ክርስቲያን ቶልስቶይን በ1901 እ.ኤ.አ. አውግዛ ለይታዋለች፤ የክርስቶስን አምላክነት ስለካደ መለየቷ ትክክል ነው ባይ ነኝ። ስለ ሰይፍ ያለው ግን ከዚህ ተለይቶ መመዘን አለበት። አሜሪካዊቷ ካቶሊክ ዶሮቲ ዴይ ከፒተር ሞሪን ጋር በ1933 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ላይ የጀመረችው እንቅስቃሴ ሥራ ፈትና ቤት አልባ የሚበላበትና የሚያድርበት ቤት ከፈተ። ፈረንሳዊው የቦርዶ ፕሮፌሰር ዣክ ኤሉልም ከዚሁ ወገን ነው።

ለእኛ የቀረበ ዘመድም አላቸው። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ሥሯ ከአናባፕቲስቶቹ ልጆች ከሜኖናይቶች ነው። ሚስዮናውያኑ ከጣሊያን ወረራ በኋላ መጥተው እዚሁ ሐረርጌ ደደር ላይ ሆስፒታል ከፍተው ነበር። ሜኖናይቶች አናርኪስት ነን አይሉም፤ ሰይፍ አለመያዝን ግን ከእነርሱ በላይ የያዘው የለም።

መጽሐፍ ቅዱስ ንጉሥ መኖሩን ይቃወማል?

የሚቃወምበትም የሚቀበልበትም ቦታ አለ። አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ግን የሚቀበልበትን ብቻ ነው። የእስራኤል ሽማግሌዎች ራማ ድረስ መጥተው ሳሙኤልን «እንደ አሕዛብ ሁሉ ንጉሥ አድርግልን» አሉት (1ኛ ሳሙኤል 8)። ሳሙኤል ከፋው። እግዚአብሔር ደግሞ የናቁት አንተን ሳይሆን እኔን ነው አለው። ከዚያ ዝርዝሩ ይመጣል፦ ወንዶች ልጆቻችሁን ለሠረገላና ለጦር ይወስዳል፣ ሴቶች ልጆቻችሁን ለሽቶ ቀማሚነትና ለወጥ ቤት ይወስዳል፣ ከእርሻችሁና ከወይናችሁ መልካም መልካሙን ወስዶ ለሎሌዎቹ ይሰጣል፣ ከእህላችሁ ዐሥራት ያወጣል፣ በመጨረሻም እናንተው ባሪያዎቹ ትሆናላችሁ። ይህን ጮክ ብለን ስናነብ አንድ አባት ከወንበራቸው ተነሥተው ወደ በረንዳ ወጡ። የበኩር ልጃቸው በብሔራዊ ውትድርና ጊዜ ከመንገድ ታፍሶ ሄዶ አልተመለሰም። «ይወስዳል» የሚለው ቃል ለእሳቸው ትርጓሜ አያስፈልገውም።

ከሳሙኤል በፊትም ጌዴዎን አንግሠንህ ልጅህና የልጅ ልጅህም ይግዙን ሲሉት፣ እኔም ልጄም አንገዛችሁም፣ እግዚአብሔር ይገዛችኋል አለ (መሳፍንት 8፥23)። ልጁ አቤሜሌክ ግን ወንድሞቹን ፈጅቶ ነገሠ። ከእልቂቱ ያመለጠው ኢዮአታም ከተራራ ላይ ቆሞ የዛፎቹን ተረት ነገራቸው፦ ወይራው ዘይቴን ትቼ፣ በለሷ ጣፋጭነቴን ትቼ፣ ወይኑም የወይን ጠጄን ትቼ አልነግሥም ሲሉ፣ እሾሃማው ቁጥቋጦ «ኑ፣ ከጥላዬ በታች ተጠጉ» አለ። ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ በሐሩር የተጓዘ ሰው እሾሃማ ቁጥቋጦ ምን ያህል ጥላ እንደሚሰጥ ያውቃል።

በሌላ በኩል ዘዳግም 17 ንጉሥ ሊኖር እንደሚችል ይቀበላል፤ ነገር ግን ፈረስ፣ ሚስትና ወርቅ አታብዛ፣ ልብህም በወንድሞችህ ላይ አይታበይ ይለዋል። መጽሐፈ መሳፍንትም ንጉሥ በሌለበት ዘመን ሰው ሁሉ ለዓይኑ ደስ ያለውን ያደርግ ነበር ብሎ የሚዘጋው ዘግናኝ ታሪክ ተርኮ ነው። አናርኪስቶች ይህን ቁጥር ቶሎ ያልፉታል፤ እኔ ማለፍ አልችልም። የነገሩ ሁሉ ድምር ንጉሥ የተፈቀደ ነገር እንጂ የቅድስና ምንጭ እንዳልሆነ ያሳየኛል።

የእኛ ነገሥታት «ሥዩመ እግዚአብሔር» ይባሉ አልነበር?

ይባሉ ነበር። «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ፣ ሥዩመ እግዚአብሔር» ለዘመናት የማዕረግ ስማቸው ሆኖ ኖሯል። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት እንኳ የንጉሠ ነገሥቱ አካል በዘር ሐረጋቸውና በተቀቡት ቅባት ምክንያት የተቀደሰ ነው ይል ነበር። ራስ ተፈሪ ተወልደው ያደጉት፣ አባታቸውም ያስተዳደሩት እዚሁ ሐረርጌ ስለሆነ ከእኛ አካባቢ ሽማግሎች ብዙዎቹ ይህን ሲተቹት ደስ አይላቸውም። አከብራቸዋለሁ። ነገር ግን የይሁዳ አንበሳ ድል ነሥቶአል የሚለው ቃል በራእይ 5፥5 የተነገረው ስለ ክርስቶስ ነው። በዚያው ምዕራፍ ዮሐንስ አንበሳውን አያለሁ ብሎ ሲዞር ያየው የታረደ በግ ነው።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ተረታችንም ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር አይሄድም። ናታን ዳዊትን ፊት ለፊት «ያ ሰው አንተ ነህ» ብሎታል። አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ ሲወስድ መሬቱ በደብዳቤ፣ በማኅተምና በሐሰት ምስክር በሕጋዊ መልክ ነው የተወሰደው (1ኛ ነገሥት 21)። ኤልያስ ግን ወረቀቱ የተሟላ ነው ብሎ አልተመለሰም። «ገደልህ፣ ደግሞም ወረስህ?» ብሎ እዚያው መሬቱ ላይ ከሰሰው።

ክርስቲያን ግብር ባይከፍል ይሆናል?

አይሆንም። ከተማችን የንግድ ከተማ ናትና ይህ ጥያቄ ሳይነሣ የሚያልፍ ወር የለም። ጌታን ለቄሣር ግብር መስጠት ተፈቅዶአልን ብለው ሲጠይቁት መጀመሪያ ያደረገው ዲናሩን አሳዩኝ ማለት ነው። ዲናር የአንድ ቀን የቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነበር፤ የጢባርዮስ ቄሣር መልክ የታተመበትና የአምላክ ልጅ ብሎ የሚጠራው። የሚያጠምዱት ሰዎች ያን ሳንቲም ከኪሳቸው አወጡ። «የቄሣርን ለቄሣር የእግዚአብሔርንም ለእግዚአብሔር አስረክቡ» ሲላቸው ሁለተኛው ግማሽ ከበደ። ሳንቲሙ የማን መልክ እንዳለበት ታወቀ፤ የእግዚአብሔር መልክ ያለበትስ ምንድን ነው? ዘፍጥረት 1፥27 ሰው ነው ይላል። ሐረር ውስጥ አያቶቻችን በማርትሬዛ ሲገበያዩ የኦስትሪያ ንግሥት መልክ በእጃቸው ነበር፤ እነርሱ ግን የንግሥቲቱ አልነበሩም። ብሩን ለቄሣር መስጠት ይቻላል፣ ራስን መስጠት አይቻልም።

ግብር ለጦር ይውላል ብለው ያልከፈሉ ክርስቲያን አናርኪስቶች አሉ። አሜሪካዊው አሞን ሄናሲ አንዱ ነው፤ ነገር ግን ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት አልከፍልም ብሎ ራሱ አሳውቆ፣ በሩ ላይ ሰሌዳ ይዞ ቆሟል። ሐሰተኛ ደረሰኝ የሚቆርጥ ወይም ከደንበኛው የሰበሰበውን ተጨማሪ እሴት ታክስ ኪሱ የሚያስገባ ነጋዴ ከሄናሲ ጋር ራሱን አያስተካክል። ያ ገንዘብ የደንበኛው ነው፤ ሌብነት ነው። በሌሊት በኬላ ዞሮ የሚያልፍ ኮንትሮባንድም የሕሊና ጉዳይ ሆኖ አያውቅም።

ሮሜ 13 ጉዳዩን አይዘጋውም?

«ነፍስ ሁሉ በበላይ ላሉት ባለ ሥልጣኖች ይገዛ። ከእግዚአብሔር ካልተገኘ በቀር ሥልጣን የለምና።» ይህን ቁጥር የማይወድ መንግሥት የለም። ከስብሰባ መድረክ ላይ ስንት ጊዜ ሰምተነዋል! ጳውሎስ ይህን የጻፈው በ57 እ.ኤ.አ. አካባቢ፣ ኔሮን በሮም ዙፋን ላይ ሳለ ነው። ጳውሎስ ራሱ ፊልጵስዩስ ላይ በባለሥልጣናት ትእዛዝ ተገርፎ ታስሯል፤ በማግሥቱ በድብቅ ውጣ ሲሉት ራሳቸው መጥተው ያውጡን ብሎ እንቢ አለ (የሐዋርያት ሥራ 16)። በመጨረሻም ሮም ላይ በኔሮን ዘመን ሰማዕት እንደሆነ ይታመናል። መገዛት ማለት የታዘዙትን ሁሉ መፈጸም ቢሆን ኖሮ አይገደልም ነበር።

የምዕራፉን ቁጥር ጳውሎስ አልጻፈውም። ከምዕራፍ 12 ማለቂያ ጀምሮ በአንድ ትንፋሽ ሲነበብ መልኩ ይለወጣል። የሚያሳድዷችሁን መርቁ፣ ራሳችሁ አትበቀሉ፣ ለቍጣው ፈንታ ስጡ፣ ጠላትህ ቢራብ አብላው፣ ክፉውን በመልካም አሸንፍ ይላል። ወዲያው ደግሞ ባለ ሥልጣኑ በከንቱ ሰይፍ አይታጠቅምና በቍጣ የሚበቀል ነው ይላል። ለምእመኑ የከለከለውን ያንኑ ሥራ ለባለ ሥልጣኑ ነው የሰጠው። ከዚያም በቁጥር 8 እርስ በርስ ከመዋደድ በቀር ዕዳ አይኑርባችሁ ብሎ ይመለሳል። አናርኪስቶች ከዚህ ተነሥተው መገዛት ማለት አለመበቀል ነው፣ መንግሥት ግን ከወንጌሉ ውጭ ያለ ነገር ነው ይላሉ። የመጀመሪያው እኩሌታ ልክ ይመስለኛል። ሁለተኛው ላይ ያንሸራትቱኛል፤ ጳውሎስ ባለ ሥልጣኑን «ለመልካም ነገር ለአንተ የእግዚአብሔር አገልጋይ ነው» ብሎታልና። አገልጋይ ግን በጌታው ይለካል።

«በእግዚአብሔር የተሾሙ» የሚለውም የጽድቅ ማኅተም አይደለም። እግዚአብሔር አሦርን «የቍጣዬ በትር» ብሎ ከሰደደው በኋላ በዚያው ምዕራፍ ስለ ትዕቢቱ እቀጣዋለሁ አለ (ኢሳይያስ 10)። ጌታም ጲላጦስን ከላይ ካልተሰጠህ በእኔ ላይ ሥልጣን ባልነበረህ ካለው በኋላ እዚያው ስለ ኃጢአት ተናገረው (ዮሐንስ 19፥11)። ሥልጣኑ ከላይ መሆኑ ፍርዱን ትክክል አላደረገውም።

እንቢ ማለት የሚገባው መቼ ነው?

ለዚህ መልስ ለመፈለግ የድሬዳዋና የሐረር ሰው ሩቅ አይሄድም። እናቴ በየዓመቱ ለታኅሣሥ 19 ቁሉቢ በእግር ትወጣ ነበር፤ ልጅ ሆኜ ሁለት ጊዜ ተከትያታለሁ። ራስ መኰንን ከዓድዋ ድል በኋላ ስእለት ፈጽመው እንዳሠሩት የሚነገርለት ያ ደብር በየዓመቱ ስፍር ቁጥር የሌለው ሕዝብ የሚጎርፍበት ምንን ለማክበር ነው? የንጉሥን ዐዋጅ አንፈጽምም ያሉ ሦስት የመንግሥት ሠራተኞች ከእሳት የዳኑበትን ቀን ለማክበር ነው። አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል በባቢሎን አውራጃ ሥራ ላይ የተሾሙ ሹማምንት ነበሩ (ዳንኤል 2፥49)። ሐምሌ 19 ደግሞ የሦስት ዓመቱ ሕፃን ቂርቆስና እናቱ ኢየሉጣ በመኰንኑ ፊት እምነታችንን አንክድም ብለው ከፈላ ውኃ የዳኑበት ነው። የአካባቢያችን ሁለቱም ታላላቅ ክብረ በዓላት የእንቢታ በዓላት መሆናቸውን ያስተዋልኩት ካደግኩ በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያን ዳገት በሌላ ዓይን ነው የማየው።

የሦስቱን ልጆች አካሄድ ደረጃ በደረጃ ማየት ይጠቅማል። ስድሳ ክንድ ምስል ቆሞ ስገዱ ሲባል አልሰገዱም። ሕዝብ አላሳመፁም፣ ምስሉንም አላፈረሱም። ንጉሡ ሲያስጠራቸው ቀረቡ፤ ሲናገሩት «ንጉሥ ሆይ» ብለው ነው። አምላካችን ሊያድነን ይችላል፤ ባያድነን እንኳ አማልክትህን አናመልክም አሉ። ያ «ባያድነን እንኳ» የሚለው ቃል ከተአምሩ ይበልጥብኛል። ከእሳቱ ሲወጡ ደግሞ ወደዚያው ሥራቸው ከፍ ባለ ሹመት ተመለሱ (3፥30)። አናርኪስት ይህን መጨረሻ አይወደውም፤ ለመንግሥት አጎብዳጁ ደግሞ መካከሉን አይወደውም።

ስለዚህ መለኪያው እንዲህ ይመስለኛል፦ ትእዛዙ እግዚአብሔር የከለከለውን አድርግ የሚል ወይም ያዘዘውን አታድርግ የሚል ሲሆን እንቢ ይባላል። የዕብራውያን አዋላጆች ሕፃናቱን ግደሉ ሲባሉ፣ ሐዋርያት አትስበኩ ሲባሉ ያደረጉት ይህንኑ ነው። «ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር ልንታዘዝ ይገባል።» ትእዛዙ የማይመች፣ ሞኝነት የበዛበት ወይም ወጪ የሚያስወጣ መሆኑ ብቻ ግን አይበቃም።

ፖሊስ፣ ወታደር ወይም የቀበሌ ሹም መሆን ይፈቀዳል?

በጥናታችን ሁለት ፖሊሶች አሉ፤ ጥያቄውን ያመጡትም እነርሱ ናቸው። ወታደሮች መጥምቁ ዮሐንስን ምን እናድርግ ሲሉት ሥራችሁን ተዉ አላለም፤ በማንም ግፍ አትሥሩ፣ ማንንም በሐሰት አትክሰሱ፣ ደመወዛችሁም ይብቃችሁ አላቸው (ሉቃስ 3፥14)። ደመወዝ ይብቃችሁ ማለት «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» በሚባልበት አገር ቀላል ትእዛዝ አይደለም። ቆርኔሌዎስም የመቶ አለቃ ሆኖ ተጠመቀ።

ጥንታዊቷ ቤተ ክርስቲያን ግን ደም ማፍሰስን እንዲህ ቀለል አድርጋ አላየችውም። በ295 እ.ኤ.አ. በሰሜን አፍሪካ መክሲሚልያኖስ የተባለ ወጣት ክርስቲያን ነኝና ወታደር መሆን አልችልም ብሎ አንገቱ ተቀላ። ሰው እንዲገድል የሚላክ ሰው ሕሊናው ከከለከለው ወገኖቹ ፈሪ ሊሉት አይገባም። ለሁለቱ ወንድሞቻችን የነገርናቸው ይህ ነው፦ ሌባ መያዝ ትችላላችሁ፤ የተያዘን ሰው መምታት አትችሉም፣ አለቃ ቢያዝም።

መንግሥት ባይኖር ሌባን ማን ይይዛል?

የአናርኪዝም ደካማ ጎኑ ይህ ነው፤ ነገር ግን ከምናስበው ያነሰ ደካማ ነው። ዕድራችንን ማን አዘዘን? ዕድር መሰሉን የሐረሪዎችን አፎቻስ? ፖሊስ ሳይቆምበት፣ የገዛ ውስጠ ደንቡን አውጥቶ፣ ወር በወር አዋጥቶ፣ ድንኳንና ወንበር ገዝቶ፣ ሞት ሲመጣ ሌሊት የሚደርስ ሕዝብ አለን። የማይከፍለውን ይቀጣል፣ የተጣላውን ያስታርቃል፤ እስር ቤት ግን የለውም። ቶልስቶይ የተመኘውን ሥራ ላይ የምናውለው እኛ ነን ብል ማጋነን አይሆንም።

የከተማችን ወንዝ ደቻቱ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ሲበላ፣ በዚያ ጨለማ ሰው ከጎርፍ ያወጣው ጎረቤት ነበር። በማግሥቱ ቤታቸውን የከፈቱትም ክርስቲያንና ሙስሊም ሳይሉ ነው። የጎርፍ መከላከያውን ግንብ ግን ዕድር አይሠራውም። ለወንዙ ግንብ፣ ለተደፈረች ልጅ ፍርድ ቤት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ከክርስቲያን አናርኪስቶች እለያለሁ፤ በተለይ ስለ ልጅቷ፣ «በሽምግልና ይለቅ» ተብሎ ሲያልፍ ስላየሁ።

ቤተ ክርስቲያን በመንግሥት ነገር ዝም ማለት የለባትም?

ጳውሎስ ስለ ነገሥታት ጸልዩ ብሏል (1ኛ ጢሞቴዎስ 2)፤ የጸለየ ሰው ግን አፉ አይለጎምም። አቡነ ጴጥሮስ አርበኞቹን ሽፍታ ብለው እንዲያወግዙ ሲጠየቁ አላወግዝም አሉ፤ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተገደሉ። ቀድሞ የሐረርጌ ሊቀ ጳጳስ የነበሩት ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ደርግ ሳይፈቅድ ሦስት ጳጳሳት በመሾማቸው በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ፤ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአገር መውጣት ሲችሉ መንጋዬን ትቼ አልሄድም ብለው በዚያው ዓመት ተገደሉ። የሁለቱም አፅም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው።

መሠረተ ክርስቶስ በ1974 ዓ.ም. ስትዘጋ ሕንፃዎቿ ተወረሱ፣ መሪዎቿ ታሰሩ፤ ምእመናኑ ግን በየቤቱ በጥቂት በጥቂት እየሆኑ ተሰበሰቡ፤ ደርግ ሲወድቅ በቁጥር ብዙ እጥፍ ሆነው ወጡ። በግልባጩ የማየው ደግሞ ያሳዝነኛል። ለመሬት፣ ለፈቃድና ለመድረክ ሲባል ለመጣው ሁሉ የሚያጨበጭብ ሰባኪ የአባቶቹን ደም ረስቷል።

«እግዚአብሔር ብቻ ይንገሥ» ስንል ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ምን ሊሆኑ ነው?

ይህን የጠየቀችኝ መጋላ ሰፈር ያደገች ክርስቲያን ልጅ ናት፤ ጓደኞቿ ሁሉ ሙስሊም ናቸው። ክርስቲያናዊ አናርኪዝም በጎ ጎኑ እዚህ ላይ ይታያል፦ እግዚአብሔር ብቻ ይንገሥ ማለት እኛ በእርሱ ስም እንንገሥ ማለት እንዳልሆነ አጥብቆ ይይዛል። ዲያብሎስ የዓለምን መንግሥታት ሁሉ ለጌታ አሳይቶ እሰጥሃለሁ ብሎታል፤ ጌታ አልተቀበለም (ሉቃስ 4)። ሕዝቡ በግድ ሊያነግሡት ሲሉ ወደ ተራራ ፈቀቅ አለ (ዮሐንስ 6፥15)። እርሱ ያልወሰደውን ለእርሱ ብለን መውሰድ አንችልም።

ይህች ምድር ታውቀዋለች። በ16ኛው መቶ ዘመን ከሐረር የወጣውም ሰይፍ፣ በ1879 ዓ.ም. ወደ ሐረር የገባውም ሰይፍ የእግዚአብሔርን ስም ተሸክሞ ነበር። ስለዚህ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ማለቱ ለእኔ ቅር የሚያሰኝ አይደለም፤ ጎረቤቴ ሳይፈራ ሶላቱን ሲሰግድ፣ እኔም ሳልፈራ ወንጌሌን እነግረዋለሁ።

«ሕሊናዬ አልፈቀደልኝም» ያለ ሁሉ ሕግ ቢጥስ ምን ይሆናል?

ከሁሉ የሚከብደኝ ጥያቄ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ዘረኝነትና ቂም «ሕሊና» የሚል ልብስ ለብሶ መጥቷል። ከዳንኤልና ከሐዋርያት የተማርኳቸው ጥቂት ምልክቶች አሉ። እንቢታው በግልጥ ነው፤ ዳንኤል የጸለየው መስኮቱን ከፍቶ ነው። ዋጋውን የሚከፍለው እንቢ ባዩ ራሱ ነው፤ ሌላው እንዲሞትለት አያደርግም። ለራሱ ወገን ብቻ የሚሠራ ሕሊና፣ የሌላው ብሔር ልጅ ሲበደል ዝም የሚል ሕሊና፣ ከእግዚአብሔር ስለመሆኑ እጠራጠራለሁ። በመጨረሻም በሌላው ነገር ሁሉ ታማኝ ሠራተኛ መሆን አለበት፤ የዳንኤል ጠላቶች ሥራው ላይ ስሕተት ፈልገው አጥተዋል (6፥4)።

አንድ ወንድማችን በአንድ መሥሪያ ቤት የመጋዘን ሠራተኛ ነው። ያልገባ ዕቃ ገብቷል ብሎ ሞዴል 19 ላይ እንዲፈርም አለቃው አዘዘው። አልፈርምም አለ፤ ምክንያቱንም በጽሑፍ አስገባ። አለቃውን አልሰደበም፣ ቢሮ ለቢሮም አላማውም። አበሉ ተቆረጠ፣ ጠረጴዛውም ወደ ኮሪደሩ ጫፍ ተዛወረ። ሚስቱ በዚያ ወር ከዕድር ተበድራ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ከፈለች። ዛሬም እዚያው ይሠራል፤ ከሁሉ ቀድሞ ጠዋት ይገባል፤ ሞዴል 19 ግን ወደ እርሱ አይልኩም።